«ሁሉም ይገጥማል» የተባለው ቤይብሌድ

ጥያቄው ስለ ቤይብሌድ፣ ማለትም በማስወንጨፊያ እየተወነጨፈ ስለሚጋጭ ተፈቺ ሽክርክሪት አሻንጉሊት ነው፤ ከአንዲት እናት የመጣ ነው፤ ጥቂት አሳጥሬዋለሁ። «ልጄ 9 ዓመቱ ነው። አንድ ካርቶን ቤይብሌድ አለው። ግማሹን አጎቱ ከዱባይ አመጣለት፣ የተወሰነውን እህቴ ከቨርጂንያ ላከችለት፣ የቀረውን እኔ መርካቶ ገዛሁለት። ሁሉንም ይፈታታቸውና መልሶ ሲገጣጥም አንዱ ከሌላው እንቢ ይለዋል፤ ከዚያ ለቅሶ ነው። ሻጩ ‹ሁሉም ይገጥማል› ብሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት አባቱ አንዱን በሞረድ አስተካክሎ ሰካለት፤ ሲወነጨፍ ብረቱ ተፈናጥሮ የቡፌውን መስታወት ሰነጠቀው። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ሁለቱም ፔጋሰስ የሚባሉት እንኳ እርስ በርስ አይገጥሙም። የተበላሹ ናቸው ወይስ ፎርጅድ? ልደቱ ስለደረሰ ምን ብገዛለት ይሻላል?»

የተበላሸ ነገር የለም። ፎርጅድ ቢኖርባቸውም ዋናው ችግር እሱ አይደለም። ከላኳቸው ፎቶዎች እንዳየሁት ካርቶኑ ውስጥ ያሉት 12 ሽክርክሪቶች የሦስት ትውልድ ናቸው፤ 7ቱ በርስት፣ 3ቱ የብረት ትውልድ፣ 2ቱ ኤክስ። የአንዱ ትውልድ ክፍል ከሌላው ጋር እንዲገጥም ታስቦ አልተሠራም፤ ሞረድም ማስቲሽም አያስታርቃቸውም። ሞረዱን ዛሬውኑ ወደ ዕቃ ሳጥኑ ይመልሱት። ምክንያቱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ።

ሻጩን ግን ሙሉ በሙሉ አልኮንነውም። በእኛ ቋንቋ ቡሎን ከዳዶው ጋር ይገጥማል፤ ቡድንም ከቡድን ጋር ይገጥማል። «ሁሉም ይገጥማል» ሲልዎ ሁለተኛውን አስቦ ከሆነ አልዋሸም፤ የትኛውም ቤይብሌድ ከየትኛውም ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ ገብቶ መጋጨት ይችላል። እርስዎ የሰሙት የመጀመሪያውን ነው፤ በዚያ ትርጉሙ ደግሞ ስህተት ነው። መጋጠምና መገጣጠም የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሆኑ ለየብቻ ልያቸው። ሱቅ ላይ የማየው ግራ መጋባት ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ የሚነሳ ነው።

ትውልድ ስል የሽያጭ ስም ማለቴ አይደለም። ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት መንገድ፣ ማለትም ማሰሪያው ሲቀየር ነው ትውልዱ ተቀየረ የምንለው። በጃፓን ድሮ ልጆች ቤይጎማ የምትባል ትንሽ የብረት ሽክርክሪት ገመድ ጠቅልለውባት በባልዲ አፍ ላይ በተወጠረ ሸራ ላይ ያጋጯት ነበር፤ ቤይጎማ አንድ ወጥ ብረት ናት፣ የሚፈታ ነገር የላትም። ታካራ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1999 ያንን ጨዋታ ወስዶ ክፍሎቹ እየተፈቱ የሚቀያየሩበት አሻንጉሊት አደረገው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ማሰሪያው ሦስት ጊዜ ከሥሩ ተቀይሯል፤ በ2008፣ በ2015 እና በ2023። ልዩነቱን ቢቆጥሩት 9፣ 7፣ 8 ዓመት ይሆናል። አንድ ልጅ ጨዋታውን ጀምሮ አድጎ የሚተውበት ጊዜ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ለአምራቹ አዲስ ልጅ ከአዲስ ካርቶን ቢጀምር ይሻለዋል። የምህንድስናም ምክንያት አለ፤ ብረቱ በጨመረ ቁጥር የድሮው ማሰሪያ አልችልም ይላል። ንግዱም አለበት ብዬ ግን በግልጽ እናገራለሁ።

የ1999ኙን የፕላስቲክ ትውልድ በአጭሩ ልለፈው፤ እርስዎ ጋ አንድም የለም፣ በገበያም ከሰብሳቢዎች እጅ ካልሆነ በቀር አይገኝም። ከላይ የፕላስቲክ ቀለበት፣ ከመሃል የብረት ክብደት፣ ከታች ትልቅ የፕላስቲክ መቀመጫ ያለው ነው። በዚያው ትውልድ መጨረሻ ላይ የወጣውና ብረት የበዛበት፣ በምህጻር ኤችኤምኤስ የሚባለው፣ ከቀደምቶቹ ፕላስቲኮች ጋር እንኳ አይገጣጠምም። አንድ ቀን ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ካገኙ ሳይፈቱ አስቀምጡት።

የብረት ትውልድ የሚባለው የ2008ቱ ነው፤ ታካራ ከቶሚ ጋር በ2006 ከተዋሐደ በኋላ የወጣ። የዚህ ማሰሪያ ቡሎን ነው። አናቱ ላይ ሥዕል ያለበት የፕላስቲክ ቡሎን አለ፤ እሱ ከላይ ወደ ታች አልፎ የፕላስቲኩን ቀለበትና ከባዱን የብረት ጎማ አጣብቆ ከሥር ካለችው ምሰሶ ጋር ያስራቸዋል። ከምሰሶዋ ግርጌ ጫፉ ይሰካል። ፎቶው ላይ 105 የሚል ቁጥር ያለባትን ያዩዋታል፤ የምሰሶዋ ቁመት ናት፣ 10.5 ሚሊሜትር ማለት ነው። 145 ከሆነ 14.5 ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያሉት ፊደላት የጫፉን ዓይነት ይናገራሉ፤ የልጅዎ ፔጋሰስ ጫፉ ከሚለመጥ ጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ነው፣ ለዚህ ነው ሲሮጥ ቆሞ የማያውቀው።

በብረቱ ትውልድ ውስጥ መቀያየሩ ሰፊ ነው፤ ቢሆንም ሦስት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ ኤል-ድራጎ የሚባለው ወደ ግራ የሚዞር ነው፤ የብረት ጎማው ከራሱ የፕላስቲክ ቀለበት ጋር እንጂ ከሌላው ጋር በወጉ አይቀመጥም። ሁለተኛ፣ ኋላ ላይ ፎርዲ ተብለው የወጡት የብረት ጎማቸው ራሱ በክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ ከእነሱ ውስጥ ምሰሶና ጫፍን አንድ አድርገው የሠሯቸው ስላሉ «ጫፉን ብቻ ልቀይር» ማለት አይሠራባቸውም። ሦስተኛ፣ በ2012 የመጡት ዜሮ-ጂዎች ከላይ ያለው የብረት ጎማቸውና ክሪስታል የሚባለው ፕላስቲካቸው የራሳቸው ነው፤ ከታች ግን የቀደሙትን ምሰሶና ጫፍ ይቀበላሉ። አናቱ አይጋባም፣ እግሩ ይጋባል ብለው ይያዙት። ይህ ነገር በኋላም ይመለሳል።

በርስት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከልጅዎ ካርቶን ከግማሽ በላይ እሱ ነው፣ የሚያስለቅሰውም እሱ ነው። በ2015 የወጣ ሲሆን ማሰሪያው ቡሎን ሳይሆን ጥርስ ነው። ከላይ ሌየር፣ ከመሃል ዲስክ፣ ከታች ድራይቨር። ድራይቨሩ ውስጥ ሞላ አለ፤ ከአናቱ የወጡት ሁለት ጆሮዎች በዲስኩ መሃል አልፈው ከሌየሩ ሆድ ውስጥ ካሉት ጥርሶች ጋር ይያያዛሉ። ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ የሚለው እሱ ነው። በጨዋታው መካከል በተመታ ቁጥር አንድ አንድ ጥርስ እያለፈ ይላላል፣ መጨረሻ ላይ ይበተናል። መበተኑ ጉድለት ሳይሆን ጨዋታው ራሱ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ብዙ ወላጅ «ገና በገዛሁት ቀን ተሰባበረ» ብሎ ይዞልኝ ይመጣል፤ ሰክቼ እመልስለታለሁ፣ ሒሳብም አልጠይቅም።

እንግዲህ በርስት ውስጥ ያለው ችግር ይህ ነው። ከ2015 እስከ 2018 ገደማ የወጡት ሌየሮች አንድ ወጥ ናቸው፤ ሌየር፣ ዲስክና ድራይቨር እንደልብ ይቀያየራሉ። በ2019 ጋቲንኮ የሚባለው መጣና ሌየሩን ራሱን ለሦስት ከፈለው፤ ቺፕ፣ ክብደትና መሠረት። በ2020 ስፓርኪንግ የሚባለው ሌየሩን እንደገና በሌላ መንገድ ከፈለው፤ ቺፕ፣ ቀለበትና ሻሲ። በ2021 ዳይናማይት ደግሞ በሌላ። የእነዚህ የሦስቱ የላይ ቁርጥራጮች እርስ በርስ አይጋቡም፤ የጋቲንኮ ክብደት በስፓርኪንግ ቀለበት ውስጥ ቦታ የለውም። ታች ያለው ድራይቨር ግን፣ ከጥቂት በስተቀር፣ ከሁሉም ጋር ይሄዳል። እዚህም አናቱ አይጋባም፣ እግሩ ይጋባል።

ከፎቶዎችዎ አንዱ ላይ ልጅዎ ሁለት ዲስክ ደርቦ ሊሰካ ሲታገል የሚታየው ሻሲው ድርብ ስለሆነ ነው። በስፓርኪንግ ውስጥ ነጠላ ሻሲና ድርብ ሻሲ አለ። ቁጥሩ 1 ከሆነ ነጠላ ነው፣ ዲስክ ይፈልጋል። 2 ከሆነ ዲስኩ ከሻሲው ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ ሌላ ዲስክ መጨመር አይቻልም፤ ድራይቨሩን በቀጥታ ይስካበት። ይህን ብቻ ቢያሳዩት ከለቅሶው እኩሌታው የሚቀንስ ይመስለኛል።

በዲስኮች ላይ ያለውን ቁጥርም ከብረት ትውልዱ ቁጥር ጋር አታምታቱት። የበርስት ዲስክ ላይ 4 ወይም 7 ቢል ቁመት አይደለም፤ የዲስኩ መጠሪያ ነው። የኤክስ ቁጥር ደግሞ እንደገና ቁመት ነው። ልጆች ቁጥር አይተው «105 እና 60 ቁመት ናቸው፣ እንግዲህ ይቀያየራሉ» ብለው ሲያስቡ አይቻለሁ። አስተሳሰባቸው ትክክል ነበር፤ አያያዡ ስለተለያየ ብቻ ነው የማይሆነው።

ኤክስ የተባለው በሐምሌ 2023 ጃፓን ውስጥ ወጣ፤ የአሜሪካው አሻንጉሊት ኩባንያ ሀስብሮ በ2024 ከእስያ ውጭ ወዳለው ዓለም አመጣው። እዚህ ላይ የበርስት ነገር ተገልብጧል፤ ከባዱ ብረት መሃል መሆኑ ቀርቶ ከላይ፣ ከሚጋጨው ቦታ ላይ ወጣ። ብሌድ የሚባለው ይህ የላይኛው ነው። ከሥሩ ራቼት አለ፤ 3-60 የሚል ከሆነ ዙሪያውን 3 ጉብታ አለው፣ ቁመቱም 6 ሚሊሜትር ነው። ከራቼቱ ሥር ቢት ይሰካል። ቢቱን ገልብጠው ካዩት ዙሪያውን እንደ ሰዓት መዘውር ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። የዚህ ጥርስ ሥራ ከስታዲየሙ፣ ማለትም ሽክርክሪቶቹ ከሚጋጩበት ሜዳ፣ ጠርዝ ላይ ካለው ጥርሳም ሐዲድ ጋር ተያይዞ ሽክርክሪቱን ድንገት መወርወር ነው። ሌላው ትውልድ ይህ የለውም። በዚህ ምክንያት ኤክስ ያለ ራሱ ስታዲየም ግማሽ ጨዋታ ነው፤ ሳፋ ውስጥ ይዞራል፣ ግን ዋና ጉልበቱ አይታይም።

ኤክስ ራሱም ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው መስመር አውጥቷል፤ ቢኤክስ፣ ዩኤክስ፣ በ2025 ደግሞ ሲኤክስ። ራቼትና ቢት በሦስቱም መካከል በአብዛኛው ይቀያየራሉ። ሲኤክስ ግን ብሌዱን እንደገና ከፋፍሎታል፤ እነዚያ ቁርጥራጮች ከሲኤክስ ውጭ አይሄዱም። ራቼቱና ቢቱ አንድ ሆነው የተሠሩም አሉ፤ እነሱን ይዞ «ራቼት የት ነው የምሰካው?» ማለት አያስፈልግም። አናትና እግር ያልኩት ደንብ እዚህም ይሠራል።

አሁን ወደ ሁለቱ ፔጋሰሶች። አንደኛው፣ 105 ያለበት፣ የብረት ትውልድ ነው። ሁለተኛው፣ አጎቱ ያመጣው፣ 3-70 የሚል ራቼት አለው፤ ኤክስ ነው። አምራቹ የድሮ ዝነኞችን በአዲሱ ማሰሪያ እንደገና እየሠራ ያወጣል፤ ድራጉንን፣ ኤል-ድራጎን፣ ቫልኪሪን ጭምር። መልኩና ስሙ የድሮ ነው፣ መገጣጠሚያው የአዲስ። ስለዚህ ስም ለመገጣጠም ምንም አይነግርም። በግልባጩም አንዱ ዕቃ በሁለት ስም ይሸጣል፤ የጃፓኑ ቫልኪሪ በሀስብሮ ሳጥን ላይ ቫልትሪክ ይባላል፣ ድራን ሶርድ የሚባለው ደግሞ ሶርድ ድራን ተብሎ ይገለበጣል። እህትዎ ከቨርጂንያ የላከችው ሀስብሮ ነው፣ ሳጥኑ ላይ ይታያል። የሀስብሮና የታካራ ቶሚ ኤክስ እርስ በርስ ይገጣጠማሉ፤ በርስቶቻቸውም በአብዛኛው ይገጣጠማሉ። ነገር ግን በሀስብሮ በርስት ሌየር ሆድ ውስጥ ያለው የጥርስ አቀራረጽ ከጃፓኑ ስለሚለይ፣ ተቀያይረው ሲገጠሙ አንዱ ቶሎ ሊበተን፣ አንዱ ከሚገባው በላይ ሊጠብቅ ይችላል። ልጅዎ «የእኔ ሁልጊዜ ይበተናል» ካለ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው፤ ቀጥሎ የጥርሱን መበላት። የተበላ ጥርስ አይጠገንም።

ማስወንጨፊያውም ትውልድ አለው። መንጠቆዎቹ ለአንዱ ትውልድ የተበጁ ስለሆኑ የበርስቱ ማስወንጨፊያ ኤክስን አይይዝም፣ የኤክሱም በርስትን አይይዝም። በዚህ ላይ የአቅጣጫ ጉዳይ ይጨመራል። ወደ ግራ የሚዞር ሽክርክሪት በቀኝ ማስወንጨፊያ አይወነጨፍም፤ በትክክለኛው ትውልድ ውስጥ ሆኖም «አልያዘም» ካለ መንስኤው ይህ ነው። ከፎቶዎቹ አንዱ ላይ ያለው ፋፍኒር የግራ ነው፤ ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ማስወንጨፊያዎች ሁሉ የቀኝ ይመስሉኛል። ልጁ በእጁ እያሾረ ሲጫወትበት ቆይቷል ማለት ነው፣ ምስኪን።

ስለ ሞረዱ። ቤት ውስጥ ጥጥ የሚፈትል ሰው ካለ እንዝርትን ያስታውስ፤ ክብደቷ ከመሃል ጥቂት ከሸሸች እንዝርቱ ይንገዳገዳል፣ ክሩም ይበጠሳል። ቤይብሌድ ከእንዝርት በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ሒሳቡን ላሳይዎት። በደቂቃ 6000 ዙር በሚዞር ነገር ላይ፣ ከመሃሉ 2 ሳንቲሜትር ርቆ የተቀመጠ የ1 ግራም ቁራጭ ወደ ውጭ ለመውጣት የሚታገለው 800 ግራም ዕቃ ተንጠልጥሎ እንደሚጎትተው ያህል ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ያንን የሚይዘው ሙሉ ቡሎን ወይም ሙሉ ጥርስ ነው። አባቱ የሞረደው ከጥርሱ ጋር የሚያያዘውን የድራይቨሩን ጆሮ ነው። የተረፈው ጠርዝ በእጅ ሲሞከር የጠበቀ መስሏል፤ ሲዞር ግን ብረቱን የያዘው ነገር አልነበረም። መስታወቱ ላይ ማረፉ ዕድል ነው፣ ዓይን ላይ ሊያርፍ ይችል ነበር።

በማስቲሽ ማጣበቅም ያው ነው፤ በአንድ በኩል ይብሳል። በርስት የሚበተነው የምቱን ጉልበት እንዲያሳልፍ ነው። ጥርሱን በሱፐር ግሉ ካጣበቁት ጉልበቱ መውጫ ሲያጣ ሌየሩን ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁ ደግሞ ከውስጥ ስለሚጀምር ከላይ አይታይም። ቡሎን የላላበትን የብረት ትውልድ በካቻቢቴ አጥብቆ ማሰርም አይመከርም፤ የቡሎኑ ጥርስ ፕላስቲክ ስለሆነ ይላጣል። ሲይዝ መቆም ነው።

ፎርጅድን በተመለከተ፣ የሚገርመው ነገር አስመሳዮቹ በብዛት የሚቀዱት ማሰሪያውን ነው፤ ስለዚህ ፎርጅድ በርስት ከኦርጅናል በርስት ጋር ብዙውን ጊዜ ይገጥማል። አለመግጠም የፎርጅድነት ምልክት አይደለም፣ መግጠምም የኦርጅናልነት ምስክር አይሆንም። የምፈራው ሌላውን ነው። ጥርሱ ከለስላሳ ፕላስቲክ ይሠራና በአንድ ወር ይበላል፣ ብረቱ ጠርዙ ሳይላግ እንደ ምላጭ ይቀራል፣ ሳጥኑ ላይ አንድ ትውልድ ተስሎ ውስጡ ሌላ ይገኛል። ከመርካቶ ከገዟቸው ውስጥ ቀዩ የብረት ጠርዙ የተፈረፈረ ይመስላል፤ ጣትዎን ቀስ አድርገው ያስኬዱበት፣ የሚቧጥጥ ከሆነ ከካርቶኑ ያውጡት። ከ3 ዓመት በታች ያለ ታናሽ ካለው ደግሞ ቢትና ቺፕ የሚባሉት ትናንሾቹ ጉሮሮ ውስጥ የሚገቡ መጠን ናቸው፤ ካርቶኑ ክዳን ይኑረው፣ ከፍ ብሎም ይቀመጥ።

ወደ ሻጩ ሁለተኛ ትርጉም ልመለስ፤ የተለያዩ ትውልዶች ይጋጠሙ ወይ? ይችላሉ፣ ግን አልመክርም። ፍትሐዊም አይደለም። በኤክስ ደንብ ሌላው ሲቆም እየዞረ የቀረ 1 ነጥብ፣ ከሜዳ ያስወጣ 2፣ የበተነ 2፣ በሐዲዱ ጫፍ ወዳለው ጉድጓድ ያስገባ 3 ያገኛል፤ 4 የሞላ ያሸንፋል። የብረት ትውልዱ በቡሎን የታሰረ ስለሆነ አይበተንም፤ እሱን የሚገጥም በርስት ሊያሸንፍበት ከሚችላቸው መንገዶች አንዱን ሳይጀምር ተነጥቋል። ከፍትሑ ይልቅ ደግሞ ጉዳቱ ያሳስበኛል። የኤክስ ብሌድ ብረቱን በውጭ ጠርዙ ተሸክሞ፣ ሐዲዱ ወርውሮት ሲመጣ የሚመታው የበርስትን ፕላስቲክ ሌየር ነው። ሌየሮቹ ሲሰነጠቁ አይቻለሁ። ልጁ ለሙከራ አንድ ሁለቴ ቢያጋጥም አልቆጣውም፤ የዘወትር ጨዋታ ግን አይሁን።

አሁን ምን ይደረግ። ቅዳሜ ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ ካርቶኑን በሦስት ላስቲክ ከፋፍሉት። መለያው ቀላል ነው፤ ሁሉንም ገልብጡ። ከላይ ቡሎን ያለው የብረት ትውልድ፣ ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ የሚለው በርስት፣ ጫፉ ዙሪያ መዘውር ጥርስ ያለው ኤክስ። ማስወንጨፊያዎቹንም እያንዳንዱን በየትውልዱ ላስቲክ ውስጥ። የተሞረደውን ድራይቨር ጣሉት፤ «ለመለዋወጫ» ብሎ ማስቀመጥ ነገ እንዲሰካ መጋበዝ ነው። ሦስቱን የብረት ትውልድ እንደታሰሩ ተዉአቸው፣ ባይፈታቸው ይመረጣል፤ ቡሎናቸው ካረጀ ምትኩ አይገኝም። በርስቶቹን በላስቲካቸው ውስጥ እንዳሻው ይቀያይር፤ 7 በርስት ለአንድ ልጅ ከበቂ በላይ ነው። አዲስ በርስት ግን አይግዙ። ምርቱ ቦታውን ለኤክስ ለቋል፤ አሁን በገበያ የሚገኘው የተረፈ ወይም የተመሳሰለ ነው፣ ለተረፈው የሚጠየቀው ዋጋም አያሳምነኝም።

ለልደቱ ኤክስ ይግዙ፤ ነጠላ ሽክርክሪት ሳይሆን ስታዲየሙ፣ ሁለት ሽክርክሪትና ሁለት ማስወንጨፊያ አንድ ላይ ያሉበትን ሙሉ ስብስብ። ቤት ውስጥ ኤክስ ሁለት አለ፤ ከስብስቡ ጋር አራት ይሆናሉ፣ ራቼትና ቢታቸው ሁሉ ይቀያየራል። አራት ብሌድ በአራት ራቼትና በአራት ቢት 64 ዓይነት ቅንብር ይሰጠዋል፣ ለአንድ ዓመት ክረምትና በጋ የሚበቃ። ሠፈር ያሉት ልጆች በሙሉ በርስት የሚጫወቱ ከሆነም ሐሳቤን አልቀይርም፤ ከእነሱ ጋር በበርስቶቹ ይግጠም፣ ቤት ውስጥ በኤክሱ። አቅም የሚፈቅደው ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ስታዲየሙን ያስቀድሙ፤ ሽክርክሪት አለው፣ የጎደለው ሐዲዱ ነው። አንድ ነገር ግን ፎቶው አልነገረኝም፤ ኤክሶቹ ከራሳቸው ማስወንጨፊያ ጋር መጥተው እንደሆነ ያረጋግጡ። ካልመጡ ያለ ማስወንጨፊያ ስታዲየሙ ጌጥ ነው።

እህትዎ ወይም አጎቱ የሚልኩ ከሆነ «ቤይብሌድ» ብቻ አትበሏቸው፤ «ኤክስ፣ ወደ ቀኝ የሚዞር» በሏቸው። እዚህ ሱቅ ከገቡ ደግሞ ስሙንና ሥዕሉን ይተዉትና ሻጩን ሳጥኑን ከፍቶ እንዲገለብጠው ይጠይቁት። ከሥሩ መዘውር ጥርስ ያለው ቢት፣ ከእሱ በላይ ሁለት ቁጥር በሰረዝ የተለያየበት ራቼት ካላዩ፣ ሳጥኑ ላይ ምንም ይጻፍ ምን፣ ሒሳብ ሳይከፍሉ ይመልሱለት።